የእንኮዬ የመታመም ፈቃድ

ይህን ነገር ያጫወቱኝ ሽማግሌ የአገሩን ስም አልነገሩኝም። ጠይቄአቸው ነበር። «ስሙ ምን ያደርግልሃል? ሰው አለበት፣ ሐይቅ አለበት፣ ሹም አለበት፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ተቆጡኝ። እናንተም አትጠይቁኝ፤ እኔም እንደሳቸው ቶሎ ነው የምቆጣው።

በዚያ አገር ሕመም የለም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አዋጅ ነው። የአሁኑ ንጉሥ አያት ዙፋን ላይ በወጡ ማግስት «በእኔ ዘመን የሚታመም የለም» ብለው አሳወጁ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አንድ ሹም በየሰፈሩ ይዞራል። ማዕረጉ ሊቀ ጠያቂ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቃጭል ያስራል፣ በግራው መዝገብ በቀኙ ዘንግ ይይዛል፣ ከኋላው መለከት ነፊ ይከተለዋል። በየደጁ ቆሞ ዘንጉን ሦስት ጊዜ መሬት ይመታና «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። በግቢው ውስጥ ነፍስ ያለው ሁሉ መመለስ አለበት። ሰው «ደህና!» ይላል። አህያም ታናፋለች፣ ፍየልም ትጮኻለች፣ ዶሮም ይንጫጫል፤ ይኸ ሁሉ «ደህና» ተብሎ ይጻፋል። የአገሩ ሁሉ መልስ ሲሟላ መለከቱ ይነፋል፤ ሰው ቁርሱን የሚቀምሰው ያን ጊዜ ነው።

«ሰው ቢታመምስ?» ትሉኝ ይሆናል። አይታመምማ! ደህና አይደለሁም ያለ ሰው የዚያ አገር ሰው አይደለም፤ ስለዚህ በጀልባ ወደ ማዶ ይሸኛል። በዚህ ምክንያት የሚያስለው «ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነው» ይላል፤ የሚያነክሰው «መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው» ይላል። የሞተ ሰው ደግሞ «በሙሉ ጤናው አረፈ» ተብሎ ይጻፋል። የመቃብሩን ስፍራ ብታዩት ከዳር እስከ ዳር ጤነኛ ብቻ ነው።

በሐይቁ ዳር ሰፈር እማማ ይርገዱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ከደንገል ምንጣፍ እየሠሩ ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አንድ ቀን ደንገል ሲያጭዱ እናቷ የጠፋባት አንዲት የዳክዬ ጫጩት ተከትላቸው መጣች። ቢያባርሯት አልሄደችም። ቤት ገባች፣ እግራቸው ሥር ተኛች፣ አደገች። ስሟን እንኮዬ አሏት። ገበያ ሲወጡ አብራ ትወጣለች፤ እንግዳ ሲመጣ ትቆጣለች፤ ምንጣፍ ሲሠሩ ደግሞ የጀመሩት ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። በማለዳ ሊቀ ጠያቂው ዘንጉን ሲመታ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የምትመልሰው እሷ ነበረች። እማማ ይርገዱ ከእሷ ሌላ በቤታቸው ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ነገር አልነበራቸውም። በጣም ይወዷት ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት የአሥራ አምስት ሺኛው መለከት በዓል ተከበረ። ሰባት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ፤ የተረፈው ሁሉ በቅርጫት እየተጋዘ ሐይቁ ዳር ተደፋ። እዚያው በሰበሰ፣ ውኃው አረንጓዴ ሆነ፣ ሸተተ። ስለ ሽታው ግን ትንፍሽ ያለ የለም፤ ዛሬ ስለ ሽታ ያነሣ ሰው ነገ ስለ ሕመም ያነሣል ተብሎ ይፈራል። እንኮዬ አዋጅ የማታውቅ ዳክዬ ናትና ሄዳ እስክትጠግብ በላችው።

በማግስቱ አጥናፉ መጣ። ይኸ አጥናፉ የጊዜው ሊቀ ጠያቂ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ቃጭሉን ሲበዛ ይወዳል። ዘንጉን መታ።

«እንዴት አደራችሁ?»

እማማ ይርገዱ እንኮዬን በነጠላቸው ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንገቷ እንደ እርጥብ ገመድ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እንዴት አደራችሁ አልሁ እኮ!»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«ዳክዬዋስ?»

«ዳክዬዋ ታማለች።»

የአጥናፉ ዘንግ ከእጁ ወደቀ። መለከት ነፊው ጆሮውን ያዘ። ከአጥር ወዲያ ደግሞ ጎረቤታቸው አስካል «በስመ አብ!» ስትል ተሰማች።

«እማማ፣ በሞቴ፣ ተኝታ ነው ይበሉ» አለ አጥናፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዓይኗን አፍጥጣ?»

«እያሰበች ነው ይበሉ።»

«አንተ፣ ዳክዬ ምን ታስባለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ ያን ቃል አይድገሙት። የልጆች አባት ነኝ።»

«ስማ ልጄ» አሉ እማማ ይርገዱ። «ባለቤቴ ድምፃቸው ሲዘጋ እዚህችው ደጃፍ ላይ ቆሜ ስምንት ወር ሙሉ ስለ እሳቸው ደህና ስል ኖሬአለሁ። አንተም ስትጽፍ ኖረሃል። መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ሦስት ቤት አልፎ ተቀምጦ አንድ ቀን ሳይጠራላቸው ሞቱ። ለዚህች ግን አልልም። የፈለግኸውን ጻፍ።»

አጥናፉ የሚጽፈው ሌላ ቃል ስላልነበረው ምንም አልጻፈም። መለከቱም አልተነፋም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የአገሩ ሰው ሁሉ ቁርሱን አልቀመሰም፤ ሹማምንቱም አልቀመሱም። በዚህ የተነሣ የዚያን ቀን ምክር እንደወትሮው ሳምንት አልፈጀም።

«ትታረድ!» አለ አንዱ።

«ለምን ታረደች ተብሎ ይጻፋል?» ብለው ጠየቁ የሕግ አዋቂው አዛዥ ዘለቀ።

«ስለታመ...» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ከደነ።

«ዳክዬ አይደለችም ብንልስ?» አለ ሌላው።

«ምን ናት?»

«ዕቃ።»

«ዓይን ያለው ዕቃ የት አየህ?»

በመጨረሻ አዛዥ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሳላቸው ነው። «አዋጁ የከለከለው ያለ ፈቃድ መታመምን ነው ብለን ብንተረጉመውስ?» አሉ። ሹማምንቱ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት! ወዲያው ተጻፈ፤ «ነጭ፣ ግራ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት፣ እንኮዬ የተባለች ዳክዬ እስክትድን ድረስ እንድትታመም ተፈቅዶላታል። እሷ ባለችበት ማከም አያስቀጣም። በፈቃድ የሆነ ሕመም እንደ ጤና ይቆጠራል።» ማኅተም ተመታ፣ መለከት ተነፋ፣ ሰው ወደ ቁርሱ ሮጠ።

ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩት መድኃኒት አዋቂ አያ ቢሻው ይባላሉ። ሕመም ሲሻር የአባት የአያታቸው ሥራ አብሮ ስለተሻረ የቤተ መንግሥቱን ቁልቋል እንዲያጠጡ ተመድበው ነበር። ቁልቋል ውኃ አይፈልግም፤ ቢሆንም ሥራቸውን አንድ ቀን አጓድለው አያውቁም። እማማ ይርገዱ ሲያስጠሯቸው እየሮጡ መጡ። እንኮዬን ገለጥ አድርገው አዩ፣ መንቆሯን ከፈቱ፣ አሸተቱ።

«ብስባሽ በልታ ነው፤ እሱ ነው አንገቷን የጣለው።»

«ትድናለች?»

«ንጹሕ ውኃ፣ ከሰል፣ ትዕግሥት። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም፣ እመት ይርገዱ።»

ከሰሉን አልመው ፈጩት፣ በንጹሕ ውኃ በጠበጡት። ራሷ ቀና እንዲል ጨርቅ ጠቅልለው ከአንገቷ ሥር አደረጉላት። ከዚያ በላባ ጫፍ ጠብታ በጠብታ ነው፤ ቸኩለው ቢያፈሱባት ትን ብሏት ትሞታለች። ቀን ቀን ለብ ባለ ውኃ ገበቴ ውስጥ በእጃቸው ደግፈው ያንሳፍፏታል፤ አውጥተው ያደርቋታል፤ ማር በውኃ በጥብጠው እንደገና በላባው። እማማ ይርገዱ ምንጣፋቸውን ጥለው ይኸንኑ ሲሉ ዋሉ። በዚያ ላይ ይቆጧታል።

«እንዳትሞቺ ብያለሁ! ብትሞቺ በሙሉ ጤናዋ ሞተች ነው የሚሉሽ። ሰምተሻል?»

የሰማች አትመስልም ነበር። በሁለተኛው ቀን ዓይኗም ሲከደን እማማ ይርገዱ ተስፋ ቆርጠው አለቀሱ። በአራተኛው ቀን ግን አያ ቢሻው ላባውን ወደ መንቆሯ ሲያስጠጉ እንኮዬ አንገቷን ቀና አደረገችና ጣታቸውን ነከሰች። ሽማግሌው ጣታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ እንባቸው ወረደ። አርባ ዓመት ሙሉ ያዳኑት ነገር አልነበረማ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰው ባለበት አገር መቼ እንዲህ ባጭሩ ያበቃል! በማግስቱ አስካል በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

«እማማ፣ እንኮዬን ላንዳፍታ ያውሱኝ።»

«ምን ልታደርጊያት?»

አስካል ግራ ቀኝ አየችና ወገቧን ይዛ ገባች። እንኮዬን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ፊቷንም ወደ አያ ቢሻው አዞረች። አያ ቢሻው ፈቃዱን ያስታውሳሉ፤ ወዲያው ገባቸው።

«ይቺን ዳክዬ ምኗን ነው የሚያማት?»

«ወገቧን። የመጨረሻውን ልጇን ከወለደች ወዲህ።»

«ስንት ወልዳለች?»

«ስድስት።»

«ከባድ ዕቃ ታነሣለች?»

«እንስራ ትሸከማለች እንጂ! ማን ይሸከምላታል?» አለች አስካል። ስለ ወገቧ አውርታ አታውቅም ነበር።

አያ ቢሻው ዳክዬዋን ጥለው የአስካልን ወገብ አሹ። ለዳክዬዋም ለጥቂት ጊዜ እንስራ እንዳትሸከም አዘዙላት። ወሬው እስከ ምሳ ድረስ ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ በኋላማ ወረፋ ነው! አንዱ እንኮዬን ታቅፎ «የመንጋጋ ጥርሷን» አለ። ዳክዬ ጥርስ እንደሌላት አያ ቢሻው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን ነቀሉላት። ሌላው እብጠቷን አስፈረጠ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ቀን ሲያፍሩ ሰንብተው፣ እንኮዬን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ሽንቷ ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል» ብለው ተናገሩ። ሁሉም የዳክዬዋ ሕመም ተብሎ በፈቃዱ ጀርባ ላይ ይጻፋል። አይ እንኮዬ! ስንቱን ቻለችው።

እማማ ይርገዱ ይኸን እያዩ ፈቃዱን መልሱ የሚል አንጀት አጡ። በማለዳ አጥናፉ ሲመጣ የራሰ ገብስ በእፍኛቸው ይሰጧታል፤ አፏ ስለሚሞላ አትመልስም፤ እስካሁን እንደታመመች ይቆጠርላታል። ለሁለት ሳምንት ብቻ ብለው ነበር። እሳቸው ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ታቅፈዋት ከአያ ቢሻው ፊት አልተቀመጡም። እሳቸው የሚያቅፏት ስለሚወዷት ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አዛዥ ዘለቀ ፈቃዱን አስመጥተው ጀርባውን አነበቡ። የወገብ ሕመም፣ የጥርስ፣ የእብጠት፣ የወባ፣ የሽንት፣ የልብ ድካም፤ አርባ አንድ በሽታ! «ምስኪን ዳክዬ፣ እንዴት እስካሁን ቆየች?» ብለው አዘኑ። ከልባቸው ነው ያዘኑት። ከዚያ የእንኮዬ ሕመም መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አደረጉ፤ ራሳቸው ሹም ሆኑ፤ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ጥላ ተሰጣቸው። ምክትል ተሾመ። ጠቅላይ ፋሻ አሳሪ ተሾመ። ደንብም ወጣ፤ አርባ አንድ በሽታ ያለባት ዳክዬ መራመድ አይገባትም፣ ውኃ ውስጥ መግባት አይገባትም፣ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ በፋሻ ተጠቅልላ ትቀመጥ፤ ፋሻው በየማለዳው ይታደስ፣ ይታተም።

ጤነኛዋ እንኮዬ ተጠቀለለች። ብታዩአት ያስቃል፤ እማማ ይርገዱን ግን አላሳቃቸውም። በሳምንቱ መብላት ተወች። በአሥረኛው ቀን ፋሻው ሲታደስ ላባዋ እየተነቀለ አብሮ ወጣ።

አያ ቢሻው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳክዬ ውኃ ካላገኘች ላባዋ ይበላሻል፣ ብርድ ይገባታል። ከብስባሹ አውጥተናት ነበር፤ ይኸ ፈቃድ ሊገድላት ነው።»

እማማ ይርገዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። አዛዥ ዘለቀ ቤት ውስጥም ጥላቸው ሥር ነበር የተቀመጡት።

«ዳክዬዬ ድናለች። ፈቃዳችሁን ውሰዱልኝ።»

«ድና እንደሆነ ማን ፈቀደላት?»

«ለመዳንም ፈቃድ ያስፈልጋል?»

«እንዴታ! ያለ ፈቃድ የዳነ እኮ ያለ ፈቃድ ታሞ ነበር ማለት ነው።»

«እሺ፣ የመዳኑን ፈቃድ ስጡኝ።»

«እሱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ገና አልተቋቋመም፣ እመቤቴ። እየታሰበበት ነው።»

እማማ ይርገዱ እያዘኑ ሲመለሱ ደግሞ ጎረቤቶች ደጃፋቸው ላይ ተሰብስበው ጠበቋቸው። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። አስካል ከፊት ቆማለች።

«እማማ፣ ፈቃዱን ሊመልሱ ሄዱ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኛስ? የኔስ ወገብ? ለአንዲት ዳክዬ ብለው ሰፈሩን ሊያስጨርሱት ነው?»

«ታዲያ ለእናንተ ብዬ እሷን ልግደላት?» አሉ እማማ ይርገዱ በቁጣ። «አርባ አንድ በሽታ ጫናችሁባት። አንዱስ የእሷ ነው? ጥርስ የሌላትን ፍጥረት ጥርሷን አሳመማችኋት! እኔ አላየሁም እንዳትሉኝ፤ አይቻለሁ፣ ዝምም ብያለሁ። የኔም ጥፋት ነው። ግን አልቻለችም፤ ኑና እዩዋት።»

ገብተው አዩዋት። እንኮዬ ፋሻዋ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። አንድ በአንድ አፍረው ወጡ። ቢሆንም ፋሻውን ልፍታ ያለ አልነበረም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልነበረም።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ ስትል እማማ ይርገዱ ማኅተሙን በማጭዳቸው ቆርጠው ፋሻውን እየጠቀለሉ ፈቱት። እንኮዬን ታቅፈው፣ ብስባሹ የተደፋበትን ዳር አልፈው፣ ደንገሉ ውስጥ ውኃው ወደሚጠራበት ወሰዷትና ለቀቋት። መጀመሪያ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ ራሷን ነከረች፣ ክንፏን አራገበች፣ እሳቸውንም አበሰበሰቻቸው። እማማ ይርገዱ ብቻቸውን ሳቁ።

ወደ ደጃፋቸው ሲመለሱ ቃጭሉ ተሰማ። አጥናፉ ከመለከት ነፊው ጋር መጣ፤ አዛዥ ዘለቀም ፋሻውን ለማሳደስ በጥላቸው ሥር አብረው መጥተዋል። ዘንጉ ተመታ።

«እንዴት አደራችሁ?»

ከሐይቁ ላይ «ኳክ! ኳክ! ኳክ!» የሚል መልስ መጣ። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። አጥናፉ ሳያስበው ፈገግ አለ።

አዛዥ ዘለቀ የተፈታውን ፋሻ አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ። ግን የሕግ ሰው ናቸው፤ ቶሎ ነቁ። «እስክትድን ድረስ ይላል፤ ድናለች። ፈቃዱ ከአሁን ጀምሮ የለም፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አያመውም። ሁሉም ደህና ነው። ንፋ!»

መለከት ነፊው መለከቱን አነሣ። ከየአጥሩ ኋላ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ቆይ» አሉ እማማ ይርገዱ። «አጥናፉ፣ የኔን መልስ መቼ ሰማህ?»

«እርስዎማ ደህና ነዎት፣ እማማ። ደህና ነዎት አይደል?» አለ አጥናፉ። በዓይኑ እየለመናቸው ነበር።

«አሞኛል።»

አዛዥ ዘለቀ ጣታቸውን ወደ ጀልባው ቀሰሩ። «ፈቃድ አለዎት? የለዎትም! እንግዲያስ ወደ ማዶ!»

ያን ጊዜ አስካል በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ፣ ፊት ለፊት ገባች። ጭኗ ላይ የምታስቀምጠው ዳክዬ የለም። «እኔንም ወገቤን ያመኛል» አለች። እኒያ የተከበሩ ሽማግሌ ቀጠሉ፤ ምናቸውን እንደሚያማቸው ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ማንም አልሳቀም። ከታችኛው ሰፈር አንድ ሰው «ጥርሴን!» ብሎ ጮኸ። መለከት ነፊውም መለከቱን ከአፉ አወረደና፣ «ጌታዬ፣ እኔም ከዘንድሮ ጀምሮ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለ።

አዛዥ ዘለቀ ሰውን አዩ፣ ጀልባውን አዩ። ጀልባው አራት ሰው ነው የሚይዘው። «ይኸ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው» አሉና ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሱ። ጥላ ያዣቸው ግን አልተከተላቸውም። ትከሻውን ያመው ኖሯል፤ ጥላውን ዘግቶ፣ ጩኸቱን ሰምተው ከመጡት ከአያ ቢሻው አጠገብ ተቀመጠ።

አጥናፉ ብቻውን ቀረ። መዝገቡን ገለጠ። የሚጽፈው ቢጠፋው መልሶ ዘጋው። ወዲያ ወዲህ ሲል ቃጭሉ እየጮኸ ስላስቸገረው ፈታው፤ ከእማማ ይርገዱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው፤ ይኸኛውን ግን እንዴት እንደሚጀምረው ጨነቀው።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ እማማ?» አለ።

እማማ ይርገዱ ጠማማ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩት፤ ከመጀመሪያው ጀምረውም ነገሩት። እሱም እስኪጨርሱ አላቋረጣቸውም።